ቁጥርሽ ስንት ነው?

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ፣ ታክሲ ሰው በሚያራግፍበት ቦታ፣ ከአመሻሹ 11 ሰዓት ጀምሮ ገበያ ይቆማል። ሽንኩርቱ ማዳበሪያ ላይ፣ ካልሲው ካርቶን ውስጥ፣ የስልክ ቻርጀሩ ጃንጥላ ሥር ነው። ከነዚህ መሃል አንድ ልጅ ሰማያዊ ሸራ ዘርግቶ ጡት ማስያዣ ይሸጣል። የሚጮኸው ዋጋውን ነው። ሴት ቆም ስትል ግን ዋጋውን ይተውና አንዴ ቀና ብሎ ያያታል። "እህቴ፣ ላንቺ 36 ነው ልክሽ" ይላል። በቃ። ሜትር የለ፣ ጥያቄ የለ።

አንድ ቀን ሰው ስጠብቅ ቆሜ አየሁት። አራት ሴቶች ተራ በተራ መጡ። አንዷ ቀጭን የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። አንዷ ልጅ ያዘለች እናት። ለሦስቱ 36 አላቸው፣ ለአራተኛዋ 38። እኔም ጠጋ ብዬ ሸራውን ቃኘሁ። የነበረው 36 እና 38 ብቻ ነው።

ልጁን ለማማት አይደለም። ያመጣውን ነው የሚሸጠው። እኛ ግን "ቁጥርሽ ስንት ነው?" ስንባል የምንመልሰው፣ ብዙ ጊዜ የሰፈራችን ገበያ ላይ የነበረውን ቁጥር ነው። አንዴ የሆነ ሻጭ ነገረን፣ ያንኑ ይዘን አረጀን።

ድሮ ቢሆን ተሳስቶ መግዛት ያን ያህል አይቆጭም ነበር ይሆናል። አሁን ይቆጫል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጡት ማስያዣ ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ብዙው ከቻይና፣ "ደህናው" የሚባለው ከቱርክ ይመጣል። በዚያ ላይ ግዢው ወደ ቴሌግራም ሄዷል። ከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች፣ መርካቶ ድረስ ሄዶ ከመምጣት ቻናል ላይ መርጦ ማዘዝ ይቀላል። ሻጯ "ሳይዝ?" ብላ ትጽፋለች። የለመድሽውን ቁጥር ትመልሺላታለሽ። ሞተሩ ይመጣል፣ ለመንገዱ ርቀት ተጨማሪ ትከፍያለሽ፣ ከዚያ ዕቃው አልሆነሽም። ደረሰኝ ላይ ምን እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። የውስጥ ልብስ ሲሆን ደግሞ እንኳን መመለሱ፣ መጠየቁም ያሳፍራል።

አምስት ሴንቲ

ከኔ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር አንዲት ልጅ አለች። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ማለዳ በሰርቪስ ትሄዳለች፣ ማታ እግሯን እየጎተተች ትመለሳለች። ሥራዋ ጥራት መቆጣጠር ነው። የተሰፋውን ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ደረቱን፣ ትከሻውን፣ እጅጌውን በሜትር ትለካለች። ልኩን የሳተውን ወደ ጎን ታደርጋለች።

ይህችው ልጅ አንድ ቅዳሜ ቡና ስንጠጣ ትከሻዋን እያሸች "ይሄ ነገር ሊገድለኝ ነው" አለችኝ። ማንጠልጠያው ነው። ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ትከሻዋ ላይ ጣት የሚያስተኛ ቦይ ሠርቷል። ዞር ስትል ደግሞ የኋላው ላስቲክ ወደ ላይ ሸሽቶ ጀርባዋ መሃል ደርሷል።

"ስንት ቁጥር ነው?" አልኳት።

"36። ሁሌም 36 ነኝ።"

"ማን ነው ያለሽ?"

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሳቀች። ሜትሩን ከቦርሳዋ አወጣችና ስኒውን ገፋ አድርገን መለካት ጀመርን።

የሚያስፈልገው ሁለት ልኬት ነው። የመጀመሪያው ከጡት ሥር ያለው ዙሪያ ነው። ሜትሩ ጡቱ ደረት ላይ በሚያርፍበት እጥፋት ሥር ያልፋል። ትንፋሽሽን አውጥተሽ ጠበቅ ታደርጊዋለሽ። አያሳምም፣ ግን አይንሸራተትም። ሰው የሚሳሳተው ጀርባው ጋ ነው። ፊት ለፊት ቀጥ ያለው ሜትር ኋላ ላይ ወርዶ ወይም ወጥቶ ይገኛል። ዙሪያውን ከወለሉ እኩል መራቅ አለበት። የቁም ሳጥን መስታወት ፊት በጎን ቆሞ ማየት ይረዳል፤ ሁለት ሆኖ መለካትን የሚያክል ግን የለም።

ሁለተኛው፣ ጡቱ ከሁሉ በላይ በሚሞላበት ቦታ ያለው ዙሪያ ነው። ይኼኛው ላላ ተደርጎ ነው የሚለካው። ሜትሩ ይንካ እንጂ አይጫን። ስፖንጅ ያለው ለብሰሽ ከለካሽ የለካሽው ስፖንጁን ነው። ስለዚህ ወይ ስስ ልበሺ፣ ወይ ምንም አትልበሺ። ያጠባች፣ ጡቷ ወረድ ያለ ሴት ቀጥ ብላ ብትለካ ቁጥሩ ያንስባታል። ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ ጀርባዋን እንደ ጠረጴዛ አድርጋ ደግማ ትለካ። ከሁለቱ መካከለኛውን ትያዝ። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ባለው ሰሞን ደግሞ ባይለካ ይሻላል። ጡት ያን ጊዜ ነፋ ይላል፣ ሜትሩም ይዋሻል።

ሜትር ቤት ከሌለ የማይለጠጥ ክርና የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ማስመሪያውም ከጠፋ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠሩበት ኤ4 ወረቀት ረጅሙ ጎኑ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲያውም ዘመን ያስቆጠረ የፕላስቲክ ሜትር ካለሽ መጀመሪያ እሱን በማስመሪያ ፈትሺው። ይለጠጣል፣ ማንም ልብ አይለውም።

የልጅቷ ከሥር 76 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ላዩ 93። ልዩነቱ 17 ነው።

በአውሮፓው ስታንዳርድ፣ ኢ ኤን 13402 በሚባለው፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ የልጅ ነው። ከጡት ሥር የለካሽው ሴንቲ ሜትር ራሱ ቁጥርሽ ነው፤ በአቅራቢያው ወዳለው 70፣ 75፣ 80 ወይም 85 ታስጠጊዋለሽ። ከ73 እስከ 77 ያለች ሴት 75 ናት። ከቁጥሩ ጎን የሚጻፈው ፊደል የሚመጣው ከሁለቱ ልኬቶች ልዩነት ነው። ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ኤ፣ እስከ 16 ቢ፣ እስከ 18 ሲ፣ እስከ 20 ዲ ይባላል። ልጅቷ 75 ሲ ሆነች ማለት ነው።

የለበሰችውን ገልብጠን አየነው። ከኋላው የተሰፋችው ትንሿ ጨርቅ ላይ "36/80 ሲ" ይላል። 80 ነው እንግዲህ። አምስት ሴንቲ ይሰፋታል። ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ በሴንቲ ስትጥል የምትውል ልጅ!

አምስት ሴንቲ ምን ያደርጋል እንዳትይ። ጡት ውስጡ ጡንቻ የለውም፤ ራሱን አይሸከምም። ማስያዣው ሲለበስ ክብደቱን መሸከም ያለበት ከሥር የሚዞረው ላስቲክ ነው። ማንጠልጠያው ካፑን፣ ማለትም ጡቱ የሚገባበትን ጎድጓዳ፣ ቦታው ላይ ከማቆየት ያለፈ ትልቅ ሥራ የለውም። ላስቲኩ ሲሰፋ ኋላው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ፊቱ ወደ ታች ይወርዳል። ይኼን ያየች ሴት ምን ታደርጋለች? ማንጠልጠያውን ታሳጥራለች። ባሳጠረች ቁጥር ኋላውን ይብሱን ትስበዋለች። ሸክሙ ሁሉ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቀጭን ገመድ ትከሻ ላይ አንጠልጥሎ ፎቅ እንደመውጣት ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይኼን ማብራራት አይጠበቅብኝም።

የጠፋው አራት ኢንች

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። ሸራው ላይ ካሉት ጨርቆች ብዙዎቹ ሁለት ቁጥር አላቸው፦ 34/75፣ 36/80፣ 38/85። የመጀመሪያው ኢንች ነው፣ ሁለተኛው ሴንቲ ሜትር። ሁለቱም አንዱን ዙሪያ ነው የሚሉት። ግን 75 ሴንቲ ሜትር ወደ ኢንች ሲቀየር 29 ተኩል ነው። 34 ኢንች ደግሞ 86 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የልብስ ሰፊ ሜትር በአንድ ፊቱ 150 ሴንቲ፣ በሌላው ፊቱ 60 ኢንች ነው፤ ገልበጥ አድርገሽ ብታዪው ልዩነቱ ወዲያው ይታይሻል። አንዲት ብጣሽ ጨርቅ ላይ የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች በመሃላቸው ከ10 ሴንቲ በላይ ክፍተት አለ። የትኛው ነው የሚዋሸው?

34ቱ ነው። ውሸቱ ግን ታሪክ አለው። በቆየው የአሜሪካ አለካክ ከጡት ሥር ያለውን በኢንች ትለኪና 4 ትጨምሪበታለሽ። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ 5። 30 የሆነችው ሴት 34 ትባላለች። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ጨርቁ ነው። የያኔው ጨርቅ ስለማይለጠጥ መተንፈሻ ቦታ መተው ነበረበት። ዛሬ ሊክራ የምንለውን የሚለጠጥ ክር ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ጆሴፍ ሺቨርስ የሚባል ኬሚስት የሠራው ገና በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ጨርቁ ተቀየረ። አራቷ ኢንች ግን እስከ ዛሬ ከስሙ አልወጣችም።

ፊደሎቹም ያን ያህል አሮጌ አይደሉም። ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የተባለች የኒው ዮርክ ሴት በ1914 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ስታወጣበት፣ መነሻው ሁለት መሐረብና ሪባን ነበር። ፊደል አልነበረውም። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የመጡት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ካምፕ የተባለ ኩባንያ በ1932 ጀመረው፣ ዋርነር በ1937 ገበያ ውስጥ አስገባው። ፊደሉ አራት ብቻ ስለነበር ዲ መጨረሻው ነበር። እስከ ዛሬ "ዲ" ሲባል ሰው ዓይኑን የሚያፈጠው ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። ፊደሉ ብቻውን እኮ ምንም አይናገርም። ልዩነት ነው እንጂ መጠን አይደለም። ቀጭን ጀርባ ያላት የ70 ዲ ካፕ ከ85 ዲ ካፕ በጣም ያንሳል።

አሁን የጎረቤቴን ልኬት ይዘሽ አገር ለአገር ተከተይኝ። በአውሮፓው 75 ሲ ናት። ፈረንሳይ 75ቱ ላይ 15 ትጨምርና 90 ሲ ትላታለች። ጣሊያን ያንኑ ዙሪያ 3 ትለዋለች። ቻይና ዙሪያውን እንደ አውሮፓ በሴንቲ ሜትር ትጽፋለች፤ ፊደሉን ግን ቀደም ብላ ነው የምትጀምረው። ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሲሆን ኤ፣ 12.5 ሲሆን ቢ፣ 15 ሲ፣ 17.5 ዲ ነው። የሷ 17 ለዲ ስለሚቀርብ እዚያ 75 ዲ ትሆናለች። በድሮው አሜሪካ ሒሳብ ደግሞ 30 ላይ 4 ተጨምሮ 34፤ የላዩ 36 ኢንች ተኩል ስለሆነ ልዩነቱ ሁለት ተኩል ይቀራል፣ ቢ እና ሲ መሃል። አራቷን ኢንች መጨመር የተዉት የዛሬ ለኪዎች 30 ይሏታል፤ ልዩነቱ ከ6 ኢንች ስለሚያልፍ በእንግሊዝ ፊደል 30 ኢ እና 30 ኤፍ መሃል ናት። ሴትየዋ አንድ፣ ሜትሩ አንድ፣ ቀኑም ያው ቅዳሜ።

ይኼ ሁሉ ተደባልቆ ነው እኛ ሸራ ላይ የሚያርፈው። ቻይና የተሰፋ ሆኖ ለአውሮፓ ገበያ የታሰበ ከሆነ ደግሞ ፊደሉ የአውሮፓን ሊከተል ይችላል። አንዱ 34 ይላል፣ አንዱ 75፣ አንዱ 90። 90 ያየች ቀጭን ሴት "ኧረ እኔን አስመሰልሽኝ?" ብላ ትመልሰዋለች። የሷው ልክ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እኔ አሁን ቴሌግራም ላይ ስገዛ ፊደሉን እንደ ሐሜት ነው የምሰማው። ሻጯን የምጠይቃት "ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይሳብ ስንት ሴንቲ ነው? እስከ መጨረሻው ሲሳብስ?" ብዬ ነው። አንዳንዷ ትናደዳለች። አንዳንዷ ሜትር ፈልጋ ትለካለች። እስከ መጨረሻው ተስቦ ከሥር ልኬቴ ጥቂት ብቻ የሚያልፍ ከሆነ እወስደዋለሁ። እኔ 78 ሆኜ ላስቲኩ 95 የሚደርስ ከሆነ፣ ጨርቁ ላይ የፈለገውን ቁጥር ይጻፉበት፣ ለኔ አይሆንም።

ለምን ልክ መሰላት?

እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ አለ። ልጅቷ ለዓመታት 36 ስትለብስ እንዴት አልታወቃትም? ሞኝ አይደለችም፣ ሥራዋ መለካት ነው።

መልሱ ካፑ ውስጥ ነው። ዙሪያው አንድ ደረጃ ሲወጣ ፊደሉ አንድ ደረጃ ከወረደ ካፑ የሚይዘው መጠን አይለወጥም። በቻይናው መለኪያ 75 ዲ እና 80 ሲ የካፕ እኩዮች ናቸው። 85 ቢም ያው ነው። እህትማማች ቁጥሮች ይሏቸዋል። ልጅቷ በዚሁ በቻይናው መለኪያ 75 ዲ መልበስ ሲገባት 80 ሲ ገዛች። ጡቷ ካፑን ሞላው፣ አልፈሰሰም፣ አልጎደለም። ፊት ለፊት መስታወት ስታይ ልክ ነው። ስህተቱ ያለው ኋላ ነው፤ ጀርባዋን ደግሞ ማን ያይላታል?

ሸራ ዘርጋው ልጅም ሳያውቀው የሚሠራው በዚህ ነው። 34 ስለሌለው 36 ይሰጥሻል። ካፑ ከሆነልሽ ታመሰግኚዋለሽ። ጀርባቸው ቀጭን ሆኖ ደረታቸው ሞላ ያሉ ሴቶች ግን የገቡበት ጣጣ ይብሳል። ካፕ ፍለጋ ወደ 38 እና 40 ይሄዳሉ፣ ላስቲኩ ጀርባቸው ላይ ይንሳፈፋል። "34 ዲ አለህ?" ብትይ ይስቃል። "ዲማ ለወፍራም ነው፣ እህቴ" ይልሻል።

ልክ መሆኑን ለማወቅ ከሜትር በኋላ ገላሽን ነው የምትጠይቂው። አዲስ ጡት ማስያዣ መቆለፍ ያለበት ጫፍ ላይ ባለው፣ በጣም በሚላላው መንጠቆ ነው። ላስቲክ እየታጠበ እየተለበሰ ይረግባል። ሲረግብ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው መንጠቆ ትገቢያለሽ። ገና በመጀመሪያው ቀን የመጨረሻው መንጠቆ ላይ ከደረስሽ ከወዲሁ ሰፍቶሻል። ብዙዎቻችን እዚያው ነን። ከቆለፍሽ በኋላ ጎንበስ በይና በብብትሽ በኩል የሸሸውን ጡት በእጅሽ ሰብስበሽ ካፑ ውስጥ አስገቢው። ብዙ ሴት "ትልቅ ሆነብኝ" ያለችው ካፕ በዚህች ዘዴ ብቻ ሲሞላ አይቻለሁ። ሽቦ ያለው ከሆነ መሃል ላይ ሁለቱ ካፖች የሚገናኙበት ቦታ ደረት አጥንት ላይ ልጥፍ ማለት አለበት። ከተነሳ ካፑ ጠቦሻል። ሽቦው ጡቱን ከቦ ማለፍ አለበት፣ ጡቱ ላይ መቀመጥ የለበትም። ከዚያ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ። አውቶቡስ ውስጥ ቆመሽ ብረት እንደምትይዢው። ላስቲኩ አብሮ ከወጣ መልሺው።

ሁለቱ ጡት እኩል ካልሆኑ አትደንግጪ። የብዙ ሴት እንደዚያው ነው። የሚለካው በትልቁ ነው፣ በትንሹ በኩል ማንጠልጠያውን ትንሽ ታሳጥሪያለሽ።

በነገራችን ላይ፣ የትኛውም አገር ሰንጠረዥ ያላሰበው አንድ ነገር አለ። የኛ አገር ጡት ማስያዣ ባንክም ነው። ጉሊት የምትቸረችር እናት መቶ ብሯን አጣጥፋ የምትከተው እዚያ ነው። አያቷ መቀነቷ ውስጥ ትቋጥር ነበር፣ መቀነቱ ሲቀር ባንኩ ወደ ላይ ተዛወረ። ብሩስ ግድ የለም። ስልክ የምትከቱ ግን ላስቲኩ ለምን ቶሎ ረገበ ብላችሁ ሻጩን አትክሰሱት።

ሳልቫጁንም ሳላነሳ ባልፍ ሰፈራችን አያምነኝም። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ ገበያ ላይ ግን አለ። እዚያ ውስጥ 34 ደብል ዲ፣ 32 ኢ የሚሉ አዲስ ሸራ ላይ የማታገኚያቸው ቁጥሮች ይወጣሉ። ስፌታቸውም ጠንካራ ነው። ችግሩ ላስቲኩ ዕድሜውን በሰው ጀርባ ላይ ጨርሶ መምጣቱ ነው። ሳብ አድርገሽ ልቀቂው። ቶሎ ካልተሰበሰበ ቁጥሩ ትዝታ ነው።

ስለ ጤናው አንድ ነገር። ጡት ማስያዣ፣ በተለይ ሽቦ ያለው፣ የጡት ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬ በየጊዜው በስልካችን ይዞራል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሲያትል የሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን ካንሰር ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ያረጡ ሴቶችን ይዘው ይኼንኑ መርምረዋል። የካፑን መጠን፣ ሽቦውን፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚለበስ፣ በስንት ዓመት እንደተጀመረ ሁሉ ጠይቀዋል። ግንኙነት አላገኙም። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሌላው ካንሰር ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው። ስለዚህ ጊዜያችንን ሽቦ ላይ ከምናጠፋ ያልነበረ እብጠት ስናገኝ ቶሎ ሐኪም ጋ ብንሄድ ነው የሚበጀን። የሚያጠባ ሰው ግን ጥብቅ ያለውን ይተው። በጣም የሚጫን ጡት ማስያዣ ወተቱን አግቶ ጡቱን ሊያሳብጥ ይችላል። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ደግሞ ልኬቱ በየጥቂት ወሩ ይቀያየራል። የሠርግሽን ቁጥር ሦስተኛ ልጅሽ ላይ አትፈልጊው።

ገና ለሚያድጉ ልጆችም ያው ነው። የእናት አሮጌ ለልጅ መስጠት ሰፈራችን ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ አልፈርድም። ግን የ13 ዓመት ልጅ በእናቷ 38 ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ስትሮጥ አስቢያት።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። 34/75 ዲ ፍለጋ ገበያውን ዞርን። የለም። ቴሌግራም ላይ አንድ ተገኘ፣ ዋጋው አያስጠጋም። ልጅቷ ግን የስፌት ሰው ናት። "ለምን አናሳጥረውም?" አለች። 80ውን አምስት ሴንቲ ብንቀንሰው ዙሪያው 75 ይሆናል፣ ካፑ አይነካም። የ80 ሲ ካፕ ደግሞ የ75 ዲ ካፕ ነው። ሒሳቡ ጨርቅ ላይ ወረደ።

ከብሎካችን ሥር ሲንጀሯን ይዘው የሚቀመጡ አንድ አባት አሉ። ዚፕ ይቀይራሉ፣ ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ሁለት ጡት ማስያዣ በጥቁር ፌስታል ይዘን ወረድን። ፌስታሉን ከፈት አደረጉና መልሰው ዘጉት። "ይሄ ምኑ ነው የሚሰፋው?" አሉ፣ ወደ ጎን እያዩ።

"ጋሼ፣ ከኋላ አምስት ሴንቲ ይቀነስልን" አለቻቸው፣ እሷ እንደ ሥራ ባልደረባ። "ከሁለቱም ጫፍ ሁለት ተኩል ሁለት ተኩል። ከዚያ ካለፈ ካፑን ወደ ብብት ይስበዋል።"

ይኼኔ ሐፍረታቸው ለቀቃቸው። የስፌት ነገር ሆነ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ በሳሙና ምልክት አደረጉ፣ መንጠቆውንና የሚገባበትን ቀለበት ፈቱ፣ ቆርጠው መልሰው ሰፉት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ልጅቷ ቤት ወጥታ ለብሳ ተመለሰች። ማንጠልጠያውን ወደ ታች ለቃዋለች። እጇን ወደ ላይ አነሳች፣ ላስቲኩ ንቅንቅ አላለም። ጨርቋ ላይ አሁንም "36/80 ሲ" ነው የሚለው።

ነገሩ በብሎኩ ውስጥ እንዴት እንደተወራ አላውቅም። በሳምንቱ ዳቦ ልገዛ ስወርድ ሲንጀሯ አጠገብ አራት ፌስታል ተደርድሯል። ጋሼ ጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"እኔ እምልሽ፣ የዚህ ብሎክ ሴት ሁሉ ከስቷል እንዴ?"